ከኋላ ወንበር ያለው ተማሪ



የዚህ ጋዜጣ አዘጋጆች «ልጆች ከክፍል ውጪ አማርኛ እንዲናገሩ ወላጅ ምን ያድርግ?» በሚለው ጉዳይ ላይ አንድ ነገር ጻፍልን አሉኝ። እኔ ግን መምህር አይደለሁም፤ ሹፌር ነኝ። እዚሁ ሰሜን ቨርጂኒያ መጀመሪያ ታክሲ፣ አሁን ደግሞ ያን በስልክ የሚጠራውን ስነዳ ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ስለ ግሥ እርባታ ብትጠይቁኝ ላብ ያጠምቀኛል። ስለ ጎማ ብትጠይቁኝ ግን እስኪመሽ አወራለሁ። ስለዚህ ስለማውቀው ስለ መኪና ልጻፍ፤ ወደ አማርኛውም እግረ መንገዳችንን እንደርሳለን።

እስቲ ቅዳሜ ጠዋትን አስቡት። ከአሌክሳንድሪያ፣ ከውድብሪጅ፣ ከማናሳስ፣ አንዳንዶቻችንም ወንዙን ተሻግረን ከሜሪላንድ ልጆቻችንን ጭነን እንመጣለን። ለመምጣት ግማሽ ሰዓት፣ ለመመለስ ግማሽ ሰዓት። ልጁ ከኋላ ወንበር ላይ በቀበቶ ታስሮ ተቀምጧል፤ የትም አይሄድም። በሳምንቱ ውስጥ እንዲህ አርፎ የሚቀመጥልን ሌላ ሰዓት የለም። በዚያች ሰዓት ውስጥ ታዲያ ሁለት ትምህርት ይሰጣል። አንዱ አማርኛ ነው፤ ሁለተኛው መኪና መንዳት። የሁለቱም መምህር መሪ የጨበጠው ሰው ነው።

«ልጄ ገና ስድስት ዓመቷ ነው፤ እሷንና መንዳትን ምን አገናኛቸው?» እንዳትሉኝ። በቨርጂኒያ ልጅ ዓሥራ አምስት ዓመት ከስድስት ወር ሲሆነው የመለማመጃ ፈቃድ ማውጣት ይችላል። ከዚያ መንግሥት ከወላጅ ጋር 45 ሰዓት እንዲለማመድ ያዛል፤ ከዚህ ውስጥ 15ቱ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ መሆን አለበት። አሁን ሒሳቡን እንሥራ። ለአማርኛ ትምህርት ቤት ብቻ በሳምንት አንድ ሰዓት፣ በዓመት 40 ሳምንት ብትነዱ፣ ያቺ የስድስት ዓመት ልጅ ዕድሜዋ እስኪደርስ ድረስ 380 ሰዓት ከኋላ ተቀምጣ ታያችኋለች። መንግሥት ከሚጠይቀው ስምንት እጥፍ በላይ መሆኑ ነው። ወደ ገበያው፣ ወደ ሠርጉ፣ ወደ ክርስትናውና ወደ ለቅሶው የምትነዱትን አልቆጠርኩም። ልጅቷ መሪ በምትይዝበት ቀን መንዳት ትጀምራለች ብለን እናስባለን እንጂ፣ አብዛኛውን ትምህርት ቀድማ ጨርሳለች።

ታዲያ ምን እያስተማርናት ነው?

አንድ ወዳጄ የአምስት ዓመት ልጅ አለው። የመዋዕለ ሕፃናት መምህርቷ ስለ ትራፊክ መብራት ስታስተምር «ቀይ ምን ማለት ነው?» ብላ ጠየቀች። «ቁም!» አሉ ልጆቹ። «አረንጓዴስ?» «ሂድ!» «ቢጫስ?» ሌሎቹ ዝም ሲሉ የወዳጄ ልጅ እጁን አወጣና «ፍጠን!» አለ። ልጁ አልተሳሳተም። ያየውን ነው የመለሰው።

ስድቡም አለ። መምህራኖቻችን «ከ»ን እና «ቀ»ን ለማስለየት ዓመት ሙሉ ይደክማሉ። ልጁ «ቆሎ» በል ሲባል «ኮሎ» ይላል። መንገድ ላይ አንዱ ሳያስበው ሲገባብን ግን ከኋላ «ደንቆሮ!» የሚል ድምፅ ይሰማል፤ «ቆ»ዋ ጥርት ብላ፣ ከጎንደር የመጣች ትመስላለች። ልጆቻችን አማርኛ አይገባቸውም የምንል ሰዎች፣ በስሜት የተነገረ አማርኛ እንዴት እንደሚገባቸው መኪና ውስጥ ታዩታላችሁ። በስሜት የምንናገረው ስድብ ብቻ ከሆነ የሚይዙት እሱን ነው።

ስልኩ

ቅዳሜ ጠዋት እዚህ ሦስት ሰዓት ሲሆን አዲስ አበባ በበጋው አሥር ሰዓት፣ በክረምቱ ዓሥራ አንድ ሰዓት ነው፤ የዚህን አገር በጋና ክረምት ማለቴ ነው። አገር ቤት ያለ ዘመድ ከሰዓት በኋላ ቡናውን ጠጥቶ «እስቲ ልጆቹን ልደውልላቸው» የሚልበት ሰዓት ነው። እኛ ደግሞ በዚያ ሰዓት 395 ላይ ነን። እናት ስትደውል አለማንሳት ይከብዳል፤ ሦስቴ ሳይነሳ ከቀረ ወሬው «አሜሪካ ክፉ ነገር ደረሰ» ወደሚል ይሄዳል።

ነገር ግን በሰዓት 55 ማይል የሚሄድ መኪና በአምስት ሴኮንድ ውስጥ ከ120 ሜትር በላይ ይጓዛል። ይህ ከእግር ኳስ ሜዳ ርዝመት ይበልጣል። የደወለው ማን እንደሆነ አይቶ፣ አረንጓዴዋን ምልክት ፈልጎ፣ «ሃሎ እማዬ፣ ይሰማል?» እስኪባል ድረስ አምስት ሴኮንድ ያልቃል። ያን ሜዳ ከጎል እስከ ጎል ዓይናችንን ጨፍነን አቋረጥነው ማለት ነው፤ ልጆች ከኋላ ጭነን። በቨርጂኒያ ከ2021 ጃንዋሪ 1 ጀምሮ እየነዱ ስልክ በእጅ መያዝ ክልክል ነው፤ የመጀመሪያው ቅጣት 125 ዶላር ነው። 125 ዶላሩስ ይከፈላል፤ ሌላው ነው የማይከፈለው።

መፍትሔው ቀላል ነው፤ ለአማርኛውም ይጠቅማል። መኪናው ሳይነሳ ስልኩን ከኋላ ላለው ልጅ ስጡት። ሲደወል «አያትሽ ናቸው፤ አንሺና አውሪያቸው» በሉ። ልጅቷ መጀመሪያ «ደህና ነኝ» ብላ ዝም ትላለች። አያቷ ግን ዝም አይሉም። «ምን በላሽ? ብርድ አለ? ትምህርት እንዴት ነው? አባትሽ ወፈረ?» ይላሉ። ልጅቷም ተጨንቃም ቢሆን ትመልሳለች። ልጄ ስለ ውፍረቴ የተጠየቀችውን በአማርኛ ስትመልስ የሰማሁ ዕለት፣ አማርኛዋ ከጠበቅኩት በላይ ጎበዝ መሆኑን አወቅኩ። ሃያ ደቂቃ የአማርኛ ንግግር በነፃ አገኛችሁ፤ ሁለቱም እጃችሁ መሪ ላይ ነው።

ቀበቶው

እኛ ሐበሾች ዕቃ አያያዝ እናውቅበታለን። ለፋሲካ የዶሮ ወጥ ድስት መኪና ውስጥ ስትገባ እዩ። በፎጣ ትጠቀለላለች፤ ካርቶን ውስጥ ትቀመጣለች፤ በዚያ ላይ ቀበቶ ይታሰርላታል። አጠገቧ የተቀመጡት አክስታችን ግን ቀበቶ አላሰሩም። «ኧረ ተወኝ፣ ሆዴን ይይዘኛል፤ ቅርብ አይደል እንዴ» ይላሉ። ድንገት ፍሬን ቢያዝ ድስቷ ከነእንቁላሏ በሰላም ትቀመጣለች፤ አክስታችን ወደ ፊት ይመጣሉ። ከኋላ ያለ ቀበቶ የተቀመጠ ሰው ራሱን ብቻ አይጎዳም፤ ከፊቱ ያለውን ሰው በሙሉ ክብደቱ ይመታል። ለትልቅ ሰው «ቀበቶ ይሰሩ» ማለት የሚያሳፍራችሁ ከሆነ ልጁን አዙት። «እትዬ፣ ቀበቶዎን ልሰርልዎት?» ይበል። አንቱታውንም ይለማመዳል፤ እሳቸውም ለልጅ እምቢ አይሉም።

ሕፃን ልጅን ማቀፍ ፍቅር ነው፤ መኪና ውስጥ ግን ፍቅር በወንበሩ ነው። በግጭት ጊዜ የሕፃኑን ክብደት የሚይዝ ክንድ የለም፤ የእናትም ክንድ ቢሆን። የቨርጂኒያ ሕግ ከስምንት ዓመት በታች ያለ ልጅ በልጅ ወንበር እንዲቀመጥ ያዛል። ክረምት ሲገባ ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ልጁን ወፍራም የብርድ ጃኬት አልብሳችሁ ብታስሩት ቀበቶው የጠበቀ ይመስላል እንጂ የያዘው ጃኬቱን ነው። ግጭት ሲመጣ ጃኬቱ ይታመቅና ልጁ ይላላል። ጃኬቱን አውልቁለት፤ ቀበቶውን በሰውነቱ ልክ እሰሩ፤ ከዚያ ከላይ ጋቢ ጣል አድርጉበት። ጋቢ ለዚህ የተሠራ ነው የሚመስለው።

የመኪናዋ ቋንቋ

አሁን ወደ ጥገናው እንግባ። «ታሞ ከመማቀቅ አስቀድሞ መጠንቀቅ» እንላለን፤ መኪናችን ስትታመም ግን ሬዲዮ ከፍ እናደርጋለን። ፍሬኗ ሲያፏጭ ሙዚቃ ከፍ ይደረጋል፤ ጎማዋ ሲንጓጓ ሌላ ዘፈን ይከፈታል። የሥራ ባልደረባዬ ነበር፤ የሞተሯ መብራት በርታ አልጠፋ ስትለው የልጁን ፎቶ ለጠፈባት። «አሁን ሳያት ደስ ይለኛል» ይላል።

በብዙ መኪኖች ላይ የፍሬን ማፏጨት የተበላሸ ነገር አይደለም፤ ሆን ተብሎ የተሠራ መልእክት ነው። የፍሬኑ ሸራ ሲሳሳ አንዲት ትንሽ ብረት ከዲስኩ ጋር እየተፋተገች «ለውጡኝ» እንድትል ተደርጋ ተቀምጣለች። ስታፏጭ ብትሰሟት ወጪው የሸራ ነው። ችላ ብትሏት ብረት ከብረት ይፋጫል፤ ዲስኩም አብሮ ይሄዳል። ከዚያ በኋላ የምታፏጩት እናንተ ናችሁ።

ዳሽቦርዱ ላይ የሚበሩትን ምልክቶች ከልጆቻችሁ ጋር ተማሯቸው። የፈረስ ኮቴ የመሰለች፣ መሃሏ ላይ ቃለ አጋኖ ያለባት ቢጫ ምልክት «የጎማ ንፋስ ጎድሏል» ትላለች። ልጆቹ ቃለ አጋኖን ክፍል ውስጥ ተምረውታል፤ እዚህ ሥራ ላይ ሲውል ይዩት። ቀይዋ፣ ጀበና የመሰለችውና ከአፏ ጠብታ የምታንጠባጥበው ደግሞ የዘይት ምልክት ናት። እየነዳችሁ ከበራች «ቡና ደረሰ» ማለት አይደለም። ዘይቱ ሞተሩ ውስጥ በሚገባው ግፊት እየደረሰ አይደለም ማለት ነው፤ በጥንቃቄ ዳር ይዛችሁ ወዲያው ሞተር አጥፉ። «ቤት እስክደርስ» ብላችሁ የምትነዷት አምስት ማይል ሞተሩን ልታስበላችሁ ትችላለች። ሞተር ሲግል ደግሞ የራዲያተሩን ክዳን ትኩሱን አትክፈቱ። ሲገነፍል የሚወጣው ከጀበናው የባሰ ነው።

ስለ ጎማ ሦስት ነገር ብቻ ልበል፤ ካልያዛችሁኝ ሠላሳ እላለሁ።

አንደኛ፣ ንፋስ። ስንት እንደሚሞላ የተጻፈው የሹፌሩን በር ስትከፍቱ በሩ ሥር ባለችው ወረቀት ላይ ነው። ጎማው ጎን ላይ የተጻፈው ቁጥር ጎማው የሚችለው የመጨረሻው ልክ ነው፤ በእሱ አትሙሉ። ጠዋት ጎማው ሳይሞቅ ለኩት። ቅዝቃዜ ሲመጣ ንፋስ ይቀንሳል፤ በፋራናይት 10 ዲግሪ በወረደ ቁጥር ወደ 1 ፒኤስአይ ገደማ ይጎድላል። ኅዳር ላይ የሁላችንም የፈረስ ኮቴ በአንድ ቀን የሚበራው ለዚህ ነው።

ሁለተኛ፣ ጥርስ። አንድ ሳንቲም ያዙ፤ አብርሃም ሊንከንን በጭንቅላቱ ዘቅዝቃችሁ በጎማው ጥርስ መሃል አስገቡት። የጭንቅላቱ ጫፍ ከታያችሁ ጎማው አልቋል፤ የቀረው ጥርስ ከ1.6 ሚሊሜትር አይበልጥም። በዝናብ ቀን እንዲህ ያለ ጎማ ውሃውን ማውጣት አይችልም፤ መኪናዋ አስፋልቱን ትታ በውሃው ላይ ትንሳፈፋለች። ይህን ሥራ ለልጆች ስጧቸው፤ አራቱንም ጎማ እየዞሩ ሊንከንን ሲዘቀዝቁ ጨዋታ ይመስላቸዋል።

ሦስተኛ፣ ዕድሜ። በተለይ ያገለገለ ጎማ የምትገዙ፣ ከጎኑ ላይ ዲኦቲ ከሚለው ጽሑፍ ቀጥሎ ያሉትን የመጨረሻ አራት ቁጥሮች አንብቡ። 2319 ካለ በ2019 በ23ኛው ሳምንት ተሠርቷል ማለት ነው። በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። በኛ አቆጣጠር ሰባት ስምንት ዓመት ልታስቀንሱለት ብትሞክሩም ጎማው አይሰማም።

በየዓመቱ መኪናችሁን አስመርምራችሁ መስታወቱ ላይ የምትለጥፏትን ወረቀት ልጆቻችሁ በእንግሊዝኛ ያውቋታል። አገር ቤት «ቦሎ» እንደምንላት ንገሯቸው። እዚህ ላይ አንድ የሚገርም ነገር አለ። ቦሎ፣ ፍሬን፣ ፍሬቻ፣ ስፖኪዮ፣ ኮፈን፣ ክሪክ፣ ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ካቻቢቴ፣ ጎማና ጎሚስታ ሁሉም ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። ልጁ «ይሄ አማርኛ አይደለም እኮ» ቢላችሁ፣ «አያትህ በዚህ ቃል ነው መኪናቸውን ያሠሩት፤ አማርኛ ሆኗል» በሉት። ወር በገባ በመጀመሪያው ቅዳሜ አሥር ደቂቃ ስጡ። ኮፈኑን ክፈቱ፤ «ፍሬቻውን አብሪ፤ ግራ! ቀኝ! አሁን ፍሬን ያዢ፣ ከኋላ ቆሜ መብራቱን ልይ» በሉ። አምፖሉ መሥራቱም ይታያል፤ ልጅቷም ግራና ቀኝን በአማርኛ ትለያለች።

ግራና ቀኝን ማወቅ የዋዛ እንዳይመስላችሁ።

«ለማን ልስጥ?»

የመጀመሪያ ልጄ የመለማመጃ ፈቃዷን ስታወጣ እነዚያን 45 ሰዓታት አብሬያት የተቀመጥኩት እኔ ነኝ። ልጄ አማርኛ ትችላለች፤ እዚሁ ትምህርት ቤት ነው ያደገችው። ያን ጊዜ ግን የሹፌር አማርኛ ሌላ ቋንቋ መሆኑን ሁለታችንም ተረዳን።

ባዶ መኪና ማቆሚያ ውስጥ ጀመርን። «ትንሽ ነዳጅ ስጪ» አልኳት። ዞር ብላ «ለማን?» አለችኝ። ወደ ጥጉ ስንደርስ «መሪውን ስበሪው» አልኳት። «ለምን እሰብረዋለሁ?» አለች፤ ደንግጣ። «ፍሬን ያዢ» ስላት እጇን ወደ እጅ ፍሬኑ ሰደደች፤ መያዝ በእጅ ነው እንጂ በእግር ይያዛል እንዴ? «ዳር ያዢ» ስላት ደግሞ ዳር የሚባለውን ዕቃ ፈለገች።

ቁጭ ብለን ስናስበው እውነቷን ነው። «ያዘ» የሚለው ቃል በአማርኛ ስንት ሥራ ይሠራል? ፍሬን ይያዛል፤ ዳር ይያዛል፤ መብራት ይይዘናል፤ ትራፊክ ይይዘናል፤ ቀጠሮ ይያዛል፤ ጉንፋን ይይዘናል። ለእኛ ግልጽ ነው፤ ስንሰማው ኖረናል። ልጆቻችን ግን ቤት ውስጥ ያለውን «ያዘ» ነው የሚያውቁት፦ «ሳህኑን ያዢ»፣ «የወንድምሽን እጅ ያዢ»።

በዚያ ቀን ተሳቀ። እያሰብኩት ስሄድ ግን ነገሩ የሳቅ ብቻ አልነበረም። በሰዓት 40 ማይል የሚሄድ መኪና በእያንዳንዷ ሴኮንድ ወደ 18 ሜትር ይሄዳል። አንድ ሰው ሲደነግጥ ደግሞ የሚወጣው ቋንቋ የመጀመሪያ ቋንቋው ነው። እኔ ሃያ ዓመት እዚህ ኖሬም ስደነግጥ የሚወጣኝ አማርኛ ነው። ልጄ ሰምታ፣ ወደ እንግሊዝኛ መልሳ፣ «ምን ማለቱ ይሆን?» ብላ እስክታስብ ድረስ አንድ ሴኮንድ ብትፈጅ፣ 18 ሜትር ሄደ ማለት ነው። በዚያ ሜትር ውስጥ የሰው ልጅ ሊኖር ይችላል።

ስለዚህ ከመንቀሳቀሳችን በፊት ሞተር አጥፍተን አምስት ቃል ተስማማን፦ ፍሬን፣ ቀስ፣ ዳር፣ ጠብቂ፣ ሂጂ። ለእያንዳንዱ እግሯና እጇ ምን እንደሚሠራ ቆመን ተለማመድን። ሌላ ቃል፣ ምክርም ሆነ ቁጣ፣ መኪናዋ እስክትቆም አይነገርም፤ ይህን ያለችው ራሷ ናት። ዳር ይዘን ከቆምን በኋላ የፈለግሁትን ያህል እንድናገር ተፈቀደልኝ።

ሰላሳኛው ሰዓት አካባቢ አንድ ምሽት፣ ዝናብ እየጣለ፣ ኮሎምቢያ ፓይክ ላይ ስንሄድ ከቆመ አውቶብስ ፊት አንድ ልጅ ሮጦ ወጣ። «ፍሬን!» አልኩ። ቃሉ ከአፌ ሳይጨርስ እግሯ እዚያ ነበር። መኪናዋ ቆመች። ልጁ ተሻገረ፤ ያየንም አይመስለኝም። ጎማው አዲስ ነበር፤ ሸራውም እንደዚያው፤ ፍጥነቷም ልክ ነበር። ቃሉም ደረሰ። ልጄ ዳር ይዛ ፍሬቻዋን አበራችና መሪውን እንደያዘች ትንሽ አለቀሰች። የተፈቀደልኝን ንግግር አልተናገርኩም።

የኛው መኪና ማቆሚያ

አሁን ወደ ራሳችን ልምጣ፤ እንዳትቀየሙኝ። በዚህ ከተማ ከሚያስፈሩኝ ቦታዎች አንዱ የትምህርት ቤታችን መኪና ማቆሚያ ነው፤ በተለይ ከመግቢያው ሰዓት በፊት ያሉት አምስት ደቂቃዎች። የምንጣደፈው ስለዘገየን ነው። ግን ስሌቱን ተመልከቱ፤ 15 ማይል መንገድ በሰዓት 60 ማይል ስትነዱ 15 ደቂቃ ይፈጃል። 70 ብትነዱ የምታተርፉት ሁለት ደቂቃ ነው። ያችን ሁለት ደቂቃ ይዘን እንመጣና መግቢያው መሃል ላይ ቆመን፣ መስታወት አውርደን፣ ከሌላው መኪና ጋር «ደህና ነህ? ቤተሰብ ደህና? ልጆች ደህና? እናትህ እንዴት ናቸው?» እንላለን። ከኋላችን ስምንት መኪና ቆሟል፤ በመኪኖቹ መሃል ልጆች ይሮጣሉ።

ሰላምታ ባህላችን ነው፤ አይቅር። መኪና አቁመን፣ ሞተር አጥፍተን፣ ወርደን እንሳሳም። ልጆች በእግረኛው በኩል ይውረዱ። ወደ ኋላ ከመሄዳችሁ በፊት መኪናችሁን አንድ ጊዜ በእግር ዙሯት፤ ካሜራውም ስፖኪዮውም ጎማ ሥር ጫማውን የሚያስር የአምስት ዓመት ልጅ ላያሳያችሁ ይችላል። የዘገየም ይዘግይ። አገር ቤት «ከመቅረት መዘግየት» ብለው የሚጽፉት በከንቱ አይደለም። መምህራኑ ለዘገየ ልጅ በር ይከፍታሉ።

በቨርጂኒያ ከዓሥራ ስምንት ዓመት በታች ያለ ልጅ የመጀመሪያ መንጃ ፈቃዱን የሚቀበለው ፍርድ ቤት ቀርቦ፣ ወላጁ ባለበት፣ ከዳኛ እጅ ነው። ባለፈው ፀደይ ልጄ ተቀበለች። 45ቱን ሰዓት መለማመዷን ያረጋገጠችው ፊርማ የእኔ ናት፤ ከዚያ በፊት የነበሩትን ዓመታት ግን ማንም አላስፈረመኝም። አሁን አንዳንድ ቅዳሜ እኔ ሥራ ስሆን ታናሽ ወንድሟን ወደዚህ የምታመጣው እሷ ናት። ልጁ ከኋላ ሆኖ ያያታል። ማታ ሲመጣ «እሷ ቢጫ ላይ ትቆማለች» ብሎ ይነግረኛል፤ ክስ ይሁን ምስጋና እስካሁን አልገባኝም።

ለዚህ ቅዳሜ ሁለት ነገር ብቻ ልለምናችሁ። ከቤት ከመውጣታችሁ በፊት አንድ ሳንቲም ለልጃችሁ ስጡትና ሊንከንን ዘቅዝቆ ጎማዎቹን ያሳያችሁ። ከዚያ ስልኩን ለሱ አስረክባችሁ ንዱ። አያቱ ይደውላሉ።

በሰላም ግቡ።